ቡናው ሦስቴ እስኪፈላ፦ የዜጎች ማኅበር እንዴት ይጀመራል?

በስደት የመጀመሪያውን ፋሲካዬን ያሳለፍኩት መኪና ውስጥ ነው። ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት አቁሜ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ቅዳሴውን ሰማሁ። ነጠላዬ ጭኔ ላይ ነበር። አልገባሁም። ማን እንደሆንኩ ወሬው ከተሰማ በኋላ ሰላም የሚለኝ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሕዝቡ «ክርስቶስ ተንሥአ» ሲባል ሲመልስ እኔም ብቻዬን መለስኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በቀጣዩ ዓመት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ቡና አፍልተን አብረን መጸለይ ጀመርን። አሁን ማኅበራችን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ጴንጤ አለ። «እምነት የለኝም፤ ግን የዕጣኑ ሽታ ይናፍቀኛል» ብሎ የሚመጣም አለ። ሁላችንም ዜጎች ነን። ለማያውቅ አንባቢ፣ «ዜጋ» አዲስ አበባ ውስጥ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው። እኛ ቤት ትራንስ የሆኑትን፣ ማለትም ሲወለዱ ከተባሉት ፆታ የተለየ ፆታ ያላቸውንም ያጠቃልላል። በራሳችን ቋንቋ ስድብ ያልሆነ ስም ስላለን ደስ ይለኛል።

ከሌላ ከተማ የሚደውሉልኝ ሰዎች «እኛስ እንዴት እንጀምር?» ይሉኛል። ስለዚህ የምናደርገውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር። ይህ መመሪያ ሕግ በሚጠብቃችሁ አገር ለምትኖሩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 እኛን በእስር ያስቀጣል። በፈረንጆቹ ኦገስት 2023 የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ ዘመቻ እንደጀመሩ በይፋ ተናግረዋል። ዐረብ አገር ያላችሁም ሕጉን ታውቁታላችሁ። እዚያ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ሰው አትሰብስቡ። ከአንድ ከምታምኑት ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትጠጡት ቡና ይበቃል፤ እሱም ጸሎት ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. በሦስት ሰው ጀምሩ፣ ከአሥራ ሁለት አትለፉ

ስብሰባ ለመጥራት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የምታምኗቸውን ሁለት ሰዎች ፈልጉ። ከእነሱ ጋር ሦስት ወር ያህል በየወሩ ተገናኙ። ሦስት ወር ያልቆየ ነገር ላይ አዲስ ሰው መጋበዝ ያንን ሰው መጉዳት ነው። ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ ከማኅበር ተባረናል። በሁለተኛው ወር የሚፈርስ ሌላ ማኅበር አንፈልግም።

ቁጥሩን ከጽዋ ማኅበር ወስደነዋል። አያቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ። አሥራ ሁለት ሆነው በየወሩ በ12 በተራ ቤት ይገናኛሉ፤ ጽዋውን የሚቀበለው ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው። ከዚያ በላይ ሰው ሲበዛ አንዱ የሌላውን ልቅሶ አያውቅም።

ትሮይ ፔሪ የሚባል ከጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያኑ የተባረረ ፓስተር ነበር። በኦክቶበር 6 ቀን 1968 ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሀንቲንግተን ፓርክ በሚገኘው ቤቱ ሳሎን ውስጥ ለዜጎች ያዘጋጀውን የመጀመሪያ አምልኮ መራ። የመጣው አሥራ ሁለት ሰው ነው። ያ ሳሎን ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው ሜትሮፖሊታን ኮሚዩኒቲ ቸርች ሆኗል። ይህን የማነሳው «ሦስትና አራት ሰው ምን ዋጋ አለው?» ለሚሉኝ ነው። ሳሎን ይበቃል።

አሥራ ሦስተኛው ሰው ሲመጣ አትመልሱት። ሁለተኛ ማኅበር እንዲጀመር እርዱ።

2. ሙሴ ምረጡ፣ ደንቡን በአንድ ገጽ ጻፉ

እንደ ጽዋ ማኅበሩ እኛም መሪያችንን ሙሴ እንለዋለን፤ ሴትም ብትሆን ሙሴ ናት። ሥራው ሰዓት መጠበቅ፣ ተራ ማስከበር፣ የቀረን ሰው መጠየቅ ነው። ሰባኪ አይደለም። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ይቀየራል። ይህን አትለፉት። አንድ ሰው ሦስትና አራት ዓመት ሲመራ ማኅበሩ የእሱ ቤት ይሆናል፤ ሌላው እንግዳ ይሆናል።

ደንቡ ላይ ማኅበሩ ምን እንዳልሆነ በግልጽ ጻፉ። የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ አይደለም። ሰዎች እዚህ ተዋውቀው ቢዋደዱ እሰየው፤ ሁለት ጥንዶች አሉን። ነገር ግን ሙሴ የሆነ ሰው በዚያ ዓመት አዲስ ከመጣ ሰው ጋር እንዳይጀምር ደንብ አለን። አዲስ ሰው ቤት ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ በሩን የከፈተለትን ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። የሃይማኖት ክርክር ቦታም አይደለም። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል፣ አይልም» የሚለውን ሁላችንም ለዓመታት ብቻችንን ተከራክረነዋል። በወር ሦስት ሰዓት ከዚያ ብናርፍ ምናለ።

3. ቦታ

ቤት ከሁሉ ይሻላል። ቤት የማይመች ከሆነ ዜጎችን የሚቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ በርካሽ ይሰጣሉ። በአሜሪካ ዩኒቴሪያኖችን፣ ኤጲስቆጶሳውያንን ወይም ዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስትን ጠይቁ። በዚህ ማንም ማፈር የለበትም። በ1972 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመጀመሪያው የዜጎች ምኩራብ፣ ቤት ኻዪም ኻዳሺም፣ ሲመሠረት አይሁዶቹ መጀመሪያ የተሰባሰቡት በዚያው በትሮይ ፔሪ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ነው። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ መስቀል ካለ ግን ሙስሊም አባሎቻችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሐበሻ የሚበዛበት ሕንፃ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ፣ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሰፈር አትምረጡ። መኪና ማቆሚያው ላይ የአክስቱን ልጅ የሚያገኝ ሰው ዳግመኛ አይመጣም።

አፓርትመንት ከሆነ ስለ ጭሱ አስቡ። ቡናውን የምድጃውን አየር መሳቢያ ከፍታችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ቁሉ። የጭስ ማንቂያው ከጮኸ የሕንፃው ሰው ሁሉ በር ላይ ይቆማል፤ እኛ ላይ ደርሷል። ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ። ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ለዕጣን የኤሌክትሪክ ማጨሻ ግዙ።

4. በሩ ላይ

በዚህ ጉዳይ ድርቅ በሉ። አዲስ ሰው የሚመጣው ሁለት አባላት በአካል አግኝተውት ከመሰከሩለት ብቻ ነው። በቴሌግራም የተዋወቅነውን ሰው መጀመሪያ ካፌ እንወስደዋለን፤ አድራሻ የምንነግረው ከዚያ በኋላ፣ በዕለቱ ጠዋት ነው። ጥርጣሬ የማያስፈልግ የሚመስላችሁ ካላችሁ የሌጎሱን ታሪክ ልንገራችሁ። ቄስ ጂዴ ማካውሌይ በ2006 ሌጎስ፣ ናይጄሪያ ውስጥ «የቀስተ ደመና ቤት» የሚባል የዜጎች ቤተ ክርስቲያን ከፈቱ። በ2008 ጋዜጦች የአባላቱን ስም፣ ፎቶና አድራሻ አወጡ። ሰዎች ተደበደቡ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ቄሱም አገር ለቀው ለንደን ገቡ። ሥራቸውን እዚያ ሆነው ቀጥለዋል።

እኛ ዋሽንግተን አካባቢ እንደዚያ ያለ አደጋ የለብንም። ቤተሰቦቻችን ግን ደሴና ናዝሬት ናቸው። እዚህ የተነሳ ፎቶ በአሥር ደቂቃ እናት ስልክ ላይ ይደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ልጅ በደስታ የቡናውን ሥነ ሥርዓት አንሥቶ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ከኋላ በመስታወት የአንዲት እህታችን ፊት ይታይ ነበር። አባቷ ከዚያ ቀን በኋላ ስልኳን አላነሡም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ደንቡን አፍ ላይ ብቻ ነበር ያስቀመጥኩት።

አሁን በሩ ላይ ትንሽ መሶብ አለ። ስልክ ሁሉ ጠፍቶ እዚያ ይገባል። ልጅ ያለው ወይም ከሥራ የሚጠራ ሰው ለሙሴው ይነግርና የእሱ ስልክ ሙሴው ጋ ይቀመጣል። የእውነት ስም ግዴታ አይደለም። ከአምስት ዓመት በላይ «ዓለም» እያልን የምንጠራው ሰው አለ፤ መታወቂያው ላይ ያለውን ስም አላውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገኝም። የሰማነው ነገር እዚያው ይቀራል። ለባለቤቱ ራሱ እንኳ ሌላ ቀን «ያን ያልከው ነገር…» ብላችሁ አታንሡበት፤ እሱ ካልጀመረ።

5. ምግቡ ሁልጊዜ የጾም ይሁን

ይህ ምክር ትንሽ ይመስላል፣ ግን ብዙ ነገር ይፈታል። ክርስቲያኑ የሙስሊም ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን። አንዱ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፣ ሌላው ሁለት መቶ ቀን ይጾማል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ አዚፋ ከሆነ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ከተገለለ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ምን እንደሆነ ለሐበሻ አልነግርም። «እጅሽ የነካውን አልበላም» የተባለች ልጅ የመጀመሪያ ቀን ስትጎረስ አይቻለሁ። በረመዳን ደግሞ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛውሩትና በቴምር ጀምሩ።

መጠጥ የለም፤ ጠላም ጠጅም። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ «ባለ ሁለት መንፈስ» የሚባሉ፣ እንደ እኛ ያሉ ወገኖች አሉ፤ ስያሜውን በ1990 ዊኒፔግ፣ ካናዳ ባደረጉት ጉባኤ ነው የተቀበሉት። ጉባኤዎቻቸው ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ነፃ ናቸው። ይህን ከእነሱ ተምረናል። ለብዙ ዜጋ ራሱን ሆኖ የሚቀመጥበት ቦታ ቡና ቤት ብቻ ነበር፤ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገሉ ወንድሞች አሉን። ለእነሱ አንድ መጠጥ የሌለበት ቤት ይኑር። የእነዚያን ሕዝቦች ሥርዓት ግን አንቀዳም፣ ቅጠላቸውንም አናጤስም። ያ የእነሱ ነው። እኛ የራሳችን ዕጣን አለን።

6. አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

በእንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። በአማርኛ «ግባ» ወይም «ግቢ» ሳትሉ በር መክፈት አትችሉም። ስለዚህ ይህን ከመጀመሪያው ደቂቃ መፍታት አለባችሁ። በር ላይ ሁሉንም «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ» በሉ። አንቱታ ፆታ የለውም። ለማያውቁት ሰው ደግሞ ጨዋነት ነው። ስለማይገኝ ሰው ስታወሩም «እሳቸው» ማንንም አያስከፋም። ይህን ጽሑፍ «እናንተ» እያልኩ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ እንዲህ ይበል፦ «ሳራ እባላለሁ፤ አንቺ በሉኝ።» «ዮኒ ነኝ፤ አንተ።» «እኔን እርስዎ በሉኝ፤ ሁለቱም አይሆኑኝም።» ነባሩ አባል ይጀምር፣ አዲሱ ሰው ሰምቶ ይከተላል። ስትሳሳቱ አርማችሁ ቀጥሉ። ረጅም ይቅርታ አትጠይቁ፤ ያኔ የተጎዳው ሰው እናንተን ማጽናናት ይጀምራል።

አቀማመጥም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በሌላ በኩል ይቆማል። መስጊድም የየራሱ ቦታ አለው። ትራንስ የሆነች እህት የምትቆምበትን ጎን ስትፈልግ ኖራለች። ስለዚህ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። ነጠላ መልበስ፣ ሻሽ ማሰር፣ ጫማ ማውለቅ ለየሰው ተዉት። ትርፍ ነጠላ ግን በር አጠገብ ይሰቀል። ከቤት ስትወጣ መልበስ የማትችል ሰው እዚህ መጥታ ታጣፋለች።

7. ሦስቱ ፍል

የቀጠሮው ሰዓት እሁድ ከሰዓት በሐበሻ 10፣ በፈረንጅ 4 ነው። ሁለቱንም ጻፉ፤ በዚህ የተነሳ ሰው በማለዳ መጥቶ በር ያንኳኳበት ጊዜ አለ። ቡና መቁላት በ10 ይጀመራል። በ11 በሩ ይዘጋል። አንዱ እያለቀሰ ሌላው ደወል እንዲደውል አንፈልግም።

አቦል የመግቢያ ነው። ስም፣ አጠራር፣ ከዚያ አንድ ቃል፦ «ዛሬ ደክሞኛል»፣ «ናፍቃችሁኛል»፣ «ፈርቻለሁ»። ከዚህ አትለፉ።

ቶና ዋናው ነው። ሙሴው አንድ አጭር ንባብ ያስነብባል። ተራው ከአንዱ እምነት ወደ ሌላው ይዞራል። አንድ ጊዜ ቁርኣን፣ ሰዎች ነገድና ጎሣ ሆነው የተፈጠሩት እንዲተዋወቁ ነው የሚለው ቦታ። አንድ ጊዜ ሩት ኑኃሚንን አልለይሽም ያለችበት። እኛ ደጋግመን የምንመለሰው ግን ወደ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ፣ ትውፊታችን ባኮስ የሚለው ሰው፣ ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። ሁላችንም በሰንበት ትምህርት ቤት «ክርስትናን ወደ አገራችን ያመጣው» ተብለን ተምረነዋል። ጃንደረባ፣ የተሰለበ ሰው፣ መሆኑ ግን ታልፎ ነበር የሚነገረን። በኦሪት ዘዳግም 23 እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሏል። እሱ ግን ውኃ ሲያይ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ፊልጶስም አልከለከለውም፤ አብረው ወደ ውኃው ወረዱ። በዓለም ዙሪያ ያሉ የዜጎች አብያተ ክርስቲያናት ይህን ታሪክ ይወዱታል። የእኛው አገር ሰው ነው። ከዚህ በላይ ቅርብ ታሪክ የለኝም።

ከንባቡ በኋላ ባዶ ሲኒ ይዞራል። ሲኒውን የያዘ ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል። ይህን ዘዴ ከራዲካል ፌሪዎች ነው ያገኘነው። ሃሪ ሄይና ጓደኞቹ በ1979 አሪዞና በረሃ ውስጥ ዜጋ የሆኑ ወንዶችን ሰብስበው የጀመሩት እንቅስቃሴ ነው። «የልብ ክብ» ይሉታል። ሌላው ሥርዓታቸው ለእኛ ባህል የራቀ ነው፤ ይህ አንዱ ግን እጅ በእጅ ገባልን። ደንቦቹ አራት ናቸው። ሲኒ ያልያዘ አይናገርም። ማንም አይመክርም፣ አያርምም፤ «እኔ አንተን ብሆን» የሚለው ቃል በዚህ ሰዓት የተከለከለ ነው። ስለ ራስ ብቻ ይወራል። መናገር ያልፈለገ ሲኒውን ስሞ ያሳልፋል፤ ማንም «ለምን?» አይልም።

ሐበሻ ዝም ብሎ መስማት ይከብደዋል። «አይዞህ» ለማለት ምላሳችን ይቸኩላል። ግን ልቡን የከፈተ ሰው «አይዞህ» ሲባል ብዙ ጊዜ ንግግሩን ይጨርሳል። ስለዚህ እሱንም ተዉት። በእያንዳንዱ ሰው መካከል አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። ሰው ቢያለቅስ መሐረብ አቅርቡ፣ አትንኩት። ለአሥር ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። አንድ ልጅ አምስት ወር ሙሉ ሲኒውን እየሳመ ሲያሳልፍ ቆየ። በስድስተኛው ወር ሃያ ደቂቃ ተናገረ።

በረካ የምርቃት ነው። በወሎ ቡና ላይ ምርቃት ሲወርድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ አሜን ይላል። እኛም ከዚያ ነው የወሰድነው። ይህን ክፍል በፍጹም አትዝለሉ። ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን አፍ የሰማነው የመጨረሻ ቃል እርግማን ነው። ምርቃት በጆሮ መስማት አለብን።

የምርቃቱ ቃል ላይ ግን ጥንቃቄ ይኑር። «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» ሲባል ሁላችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ሠርግና ድግስ ማለት ነው። ለአንዱ ደስታ ነው፣ ለሌላው ቁስል ነው። «ምን ልመርቅህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ የምንወደውን ልስጣችሁ፦ «የራቀው ይቅረብልሽ። በር ይከፈትልሽ። ስምሽን በፍቅር የሚጠራ አይጥፋ። የሚቀብርሽ ሳይሆን የሚጦርሽ ወገን ይስጥሽ። ጤና ይስጥሽ።» ሁሉም በየአንዳንዱ ላይ አሜን ይበል፤ አሚን የሚል አሚን። መራቂው ትልቅ ሰው መሆን የለበትም። ታናናሾቹም ይመርቁ።

8. ጸሎት፣ በፈቃድ

የራሱን ጸሎት መጸለይ የሚፈልግ በምርቃቱ መጨረሻ ይጸልይ። አንዱ አቡነ ዘበሰማያት፣ አንዱ ዱዓ፣ አንዱ በራሱ ቃል። መንዙማም መዝሙርም ይዘመራል። የማይጸልይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም አይኑን አይቶ አይገምተው።

አንድ ደንብ ግን ብረት ይሁን። ማንም ማንም ላይ እጅ አይጭንም፣ ሳይጠየቅም አይጸልይለትም። ከመካከላችን ሰንሰለት ታስረው ጸበል የተወሰዱ አሉ። መድረክ ላይ ቆመው «ውጣ!» የተባለባቸው አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ራስ ላይ የሚያርፍ እጅ ምንም ያህል ፍቅር ቢኖረው ያንን ቀን ያመጣል። ጠይቁ፤ «እሺ» ካለ ብቻ፣ «የት ልያዝህ?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛው ሰው እጁን ነው የሚሰጠው።

ከዚህ በላይ የየራሳቸውን እምነት ትምህርት የሚፈልጉ አባላት ይኖራሉ። ወደሚመለከተው አገናኟቸው። ለኦርቶዶክሶች በ1980 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተ «አክሲዮስ» የሚባል ማኅበር አለ፤ ቃሉ በግሪክኛ «ይገባዋል» ማለት ነው፣ የእኛ «ይደልዎ»። ለሙስሊሞች የኢማም ሙህሲን ሄንድሪክስ ትምህርቶች አሉ። በኬፕ ታውን ለብዙ ዓመታት ዜጋ የሆኑ ሙስሊሞችን ያስተማሩ ሰው ናቸው። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። በዚያ ሳምንት ቡናችንን ለእሳቸው አፈላን፤ ቁርኣን ቀርቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ የቁርኣን መክፈቻው፣ ፋቲሓ፣ ሲቀራ አብሮ ቆመ።

9. ሙታንን አስቡ

በዓመት አንድ ጊዜ፣ እኛ በኖቬምበር 20 አካባቢ፣ የሙታን መታሰቢያ አድርጉ። ቀኑ ከ1999 ጀምሮ የተገደሉ ትራንስ ሰዎች የሚታሰቡበት ነው። ጧፍ አብሩ፣ ስም ጥሩ። ዳቦ ቁረሱ። አብዛኞቹ ሙታኖቻችን ስለ ማንነታቸው ሳይነገር ተቀብረዋል። በጁን 24 ቀን 1973 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ አፕስቴርስ ላውንጅ የሚባል የዜጎች ቡና ቤት ተቃጥሎ 32 ሰው ሞተ፤ ከአምልኮ በኋላ ቁጭ ያሉ የዚያው ሜትሮፖሊታን ቸርች አባላትና ፓስተራቸው ነበሩበት። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ፍትሐት አናደርግም አሉ። ለእኛም ተዝካር የሚያወጣልን ማን ነው? ራሳችን ነን።

10. በዓል

እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ኢድ። በእነዚህ ቀኖች ወርሃዊው ቀን ባይሆንም ቤቱ ይከፈት። በዓል ላይ ብቻውን ያለ ሰው ስልኩን እያየ ይውላል፤ ማንም አይደውልም። ሥርዓት አያስፈልግም፤ በር ብቻ ይከፈት። ዶሮ ከተሠራ ሁለት ድስት ይሁን፣ ሥጋውም ከየራሱ ገበያ ይምጣ።

11. ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ

ማኅበሩ ሐኪም አይደለም። አንድ ሰው ራሴን አጠፋለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በግልጽ ጠይቁት፣ አሜሪካ ከሆናችሁ አብራችሁ 988 ደውሉ። ዜጋ ለሆኑ ወጣቶች በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚረዳ ትሬቨር ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት አለ።

አዲስ ለመጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ቶሎ ንገሩት። አሜሪካ ውስጥ የጥገኝነት ማመልከቻ በመደበኛው ከገባበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። በፍርሃት ዝም ብሎ ዓመቱ ያለፈበትን ሰው አውቃለሁ። ጉዳዩን እናንተ አትጻፉለት፤ ጠበቃ አገናኙት። ስለ ጉዳዩ ዝርዝር ክቡ ውስጥ አይጠየቅ።

ሣጥን አስቀምጡ፣ የቻለ 10 ዶላር ይጣል። ማን እንደጣለ አይታይ። ለታክሲ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለቀብር ይሆናል።

12. ሲበተን

ሲኒው በጋራ ይታጠባል። ከሁሉ ነገር ይልቅ ሰው የሚያወራው እዚያ፣ ማጠቢያው ጋ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። ስልኮቹ ይመለሱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ ማንም ብቻውን ወደ ባቡር አይሂድ። በማግስቱ ሙሴው ዝም ብሎ ለሄደ ሰው አጭር መልእክት ይላክ፤ «አደርክ?» ይበቃል፣ ስለ ማኅበሩ አይጠቀስ።

ረከቦቱን የሚቀጥለው ወር ባለተራ ይወስዳል። ጀበናውን በፎጣ ጠቅልሉለት። መኪና ከሌለው አድርሱት።